ምንም ያልተሰጣቸው

ቁጥሮቹ የመጡት ማክሰኞ ቀን ነው፤ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባት። ማክሰኞ መሆኑስ እርግጥ ነው? ማክሰኞ የእንስሳቱ ቤት ወለል የሚታጠብበት ቀን ስለሆነ እትዬ ጸጥታ ከጎማ ቦቲያቸው አይወርዱም፤ ያን ቀን ግን በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን እየጠረጉ ሲያልፉ ኬሚስቷ በዓይኗ በብረቱ አይታቸዋለች። እንግዲያው ረቡዕ ነበር ማለት ነው። ረቡዕ ከሆነ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያስተምሩ ሕንፃው ውስጥ ዝር አይሉም፤ እሳቸው ግን ነበሩ። ወረቀቱን ከእጇ ነጥቀው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው እስኪነካው አስጠግተው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ቀን እንዲህ ከእጅ ያመልጣል። ኬሚስቷም ዛሬ ላይ ሆና መለስ ስትል ቀኑን ታጣውና ሌላ ሌላውን ታገኛለች፤ ከአታሚው የወጣውን ወረቀት ሙቀት፣ የመለኪያ ማሽኑን ማጓራት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚመጣውን የእትዬ ጸጥታን ድምፅ።

ድምፃቸውን ሳያነሱ ስለ እትዬ ጸጥታ ማውራት አይቻልም። ስሙ የወጣላቸው ዝምተኛ ሆነው አይደለም። በዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ እንደሳቸው የሚጮህ ሰው አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። የላቦራቶሪ አይጥ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። እትዬ ጸጥታ ደግሞ የአይጦቹ ተንከባካቢ ናቸው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከምድር ቤቱ በር ብቅ እያሉ፣ ከፎቅ በሚወርደው ሁሉ ላይ፣ ተማሪ በሉት ዲን፣ «ጸጥታ! ልጆቼ ተኝተዋል!» ብለው ያንባርቃሉ። ጩኸቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። አይጦቹ ግን ለምደውት ነው መሰል፣ ጆሯቸውን እንኳ ሳያነቃንቁ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

ወደዚህ ሥራ የመጡት ወደውት አልነበረም። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በእንፋሎትና በበረኪና መሀል ነው። እጃቸው መላላጥ ሲጀምር ሌላ ቦታ ፈልጉልኝ ብለው አመለከቱ፤ ክፍት ሆኖ የተገኘው ማንም እሺ ያላለው የእንስሳት ቤት ብቻ ሆነ። የመጀመሪያውን ቀን ሲያወሩት ሳቃቸው ወሬውን አያስጨርሳቸውም።

«ወንበር ላይ ወጥቼ ቆምኩልሽ። ወንበሩ ደግሞ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። እሪ እያልኩ ስዞር ስዞር፣ አንዷ አይጥ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አነጠሰች! ልክ እንደ ሕፃን። እኔም ሳላስበው ‹ይማርሽ› አልኳት። አንዴ ይማርሽ ካልሻት ፍጡር ጋር ከዚያ በኋላ እንዴት ትጣያለሽ?»

ባለቤታቸው የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ ገደላ ገደሉን በጭጋግ የሚነዱ፣ አይጥ ሲባል ግን ቀለማቸው የሚገረጣ። ቤታቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ናት፤ አውቶቡስ ሲነሳ የመደርደሪያው ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። ሰውዬው ማታ ማታ በር ላይ ቆመው ሚስታቸውን ሳይፈትሹ አያስገቡም። ኪስ ይገለበጣል፣ የካፖርት እጅጌ ይራገፋል።

«አይጥ አይጥ ትሸቻለሽ» ይላሉ።

«አንተ ናፍጣ ናፍጣ ስትሸት እኔ ምን አልኩ? በል አሳልፈኝ፣ ወጡ ያርራል!»

ኬሚስቷ በዚያን ጊዜ ለዶክትሬቷ የምትሠራው ከሲሊከን የተሠሩ ደቃቅ ቅንጣቶችን ነበር። ናኖ ይሏቸዋል። የአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ ሺህ ገደማ ይሰለፋሉ። አንድ ቀን እትዬ ጸጥታ የሚታጠብ ዕቃ ሊሰበስቡ ገብተው፣ እነዚህ ቅንጣቶች የተኙባትን ብልቃጥ ብድግ አድርገው አዩዋት። ከታች ቡናማ ደለል አለባት።

«ይሄ ነው አራት ዓመት ሙሉ ዓይንሽን ያጠፋው? ከጫማዬ ሥር የማራግፈውን ጭቃ ብሰጥሽ ኖሮ በጊዜ ትጨርሺ ነበር።»

ኬሚስቷ የክፍሉን መብራት አጠፋችና የአልትራቫዮሌት መብራቷን ብልቃጧ ላይ አበራች። ቡናማው ደለል እንደ ፍም ቀላ።

እትዬ ጸጥታ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «የፈጣሪ ያለህ! ሳያቃጥል?»

«ሳያቃጥል።»

«እና ይሄ ሰው ውስጥ ሊገባ ነው?»

«ቀዳዳ ቀዳዳ ናቸው እትዬ፤ እንደ ስፖንጅ። ቀዳዳው ውስጥ የካንሰር መድኃኒት እንሞላለን። በደም ሥር ይገባሉ፣ ዕጢው ጋ ሲደርሱ መድኃኒቱን ያራግፋሉ፣ ከዚያ እነሱ ራሳቸው ይሟሟሉ።»

«ሟሙተው የት ይገባሉ?»

«በሽንት ይወጣሉ። ሲሊከን ሲሟሟ የሚሆነው ነገር የምንጠጣው ውሃ ውስጥም በትንሹ አለ፤ ኩላሊት ያውቀዋል።»

«ካልወጡስ?»

ኬሚስቷ የክፍሉን መብራት መልሳ አበራች። «ጭንቁ እሱ ነው። ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ተጠራቅመው ከቀሩ መርዝ እንጂ መድኃኒት አይሆኑም። መውጣታቸውን በአይጥ ሽንት ካላሳየሁ የደኅንነት ኮሚቴው ወደ ሰው አያሳልፈኝም። አራት ዓመቴ እዚያው ላይ ያበቃል።»

«አይጦቹን ለኔ ተያቸው» አሉ እትዬ ጸጥታ፣ የሚታጠበውን ዕቃ አቅፈው እየወጡ። «አንቺ ብቻ እንዲሸኑ ጸልዪ።»

አራት ዓመት የፈጀው ያለ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ቅንጣቶቹ ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨዋ ሆነው ይቆዩና የደም ያህል ጨው ያለው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ተጣብቀው ይጓጉሉ ነበር። እንዲህ ሆነው ደም ሥር ቢገቡ ሄደው የሳንባን ቀጫጭን መተላለፊያ ይደፍናሉ። ስኳር መሰል ልባስ ስታለብሳቸው ተለያይተው መዋኘት ጀመሩ። ልባሱ ሲወፍር አንሟሟም አሉ፤ ሲሳሳ ደግሞ ሥራቸውን ሳይሠሩ ሟሙ። ልኩን ያገኘችው ስንት ጊዜ አልቅሳ ነው።

ከዚያ አይጦቹ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ቅንጣቶቹን ተወጉ፤ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ ባዶ የጨው ውሃ ተወጉ። በፕሮፌሰሩ የቆየ ልማድ ቅንጣት በተወጉት ሳጥን ላይ ቀይ ካርድ፣ ውሃ በተወጉት ላይ ነጭ ካርድ ተንጠለጠለ። የሳጥኖቹ ወለል ወንፊት ነው፤ ሽንቱ በወንፊቱ ሾልኮ በቱቦ ወደ ፕላስቲክ ብልቃጥ ይወርዳል። የብርጭቆ ዕቃ ከክፍሉ ተባሯል፤ ብርጭቆ ራሱ ሲሊከን ያለበት ስለሆነ ልኬቱን ያበላሻል።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የመጣው የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። የመለኪያ ማሽኑ ባለሙያ ወረቀቱን ለኬሚስቷ ሲያቀብላት ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳት።

«እንኳን ደስ አለሽ፤ አዲስ ግኝት ነው። ውሃ የተወጉት አይጦች ሲሊከን ይሸናሉ። እንዲያውም ሲሊከን ከተወጉት ይበልጣሉ።»

«ተው አትቀልድ።»

«እኔ ልቀልድ እችላለሁ። ማሽኑ ግን ቀልድ አያውቅም።»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። «ወይ ማሽኑ አብዷል፣ ወይ እኛ» አሉ። ማነጻጸሪያው ከቆሸሸ የቀሩት ቁጥሮች ሁሉ ዋጋ የላቸውም። ከቀይ ካርዶቹ የወጣው ሲሊከን ከቅንጣቶቹ ይሁን ከሌላ ቦታ በምን ይታወቃል? የኮሚቴው ስብሰባ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል።

ሕንፃው ውስጥ አደን ተጀመረ። ሲሊከን የሌለበት ቦታ የለም፤ አሸዋው እሱ፣ አቧራው እሱ፣ መስኮቱ እሱ። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ዱቄት ያለበትን ጓንት አስጣሉ። ቀጥለው የፊት ፓውደር ከለከሉ፤ ጸሐፊያቸው አኩርፋ ሰነበተች። አጥሩን ተሻግሮ ያለው ግንባታ አሸዋ ባራገፈ ቁጥር መስኮት ሁሉ በፕላስተር ይታሸጋል። የማሽኑ ባለሙያ የጥርስ ሳሙናውን ይዞ እንዲመጣ ታዘዘና ሲሊከን ተገኘበት። «ኧረ እኔ አይጥ አፌ ውስጥ አላስቀምጥም!» ብሎ ቢከራከርም የሰማው የለም፤ ሳሙና ቀየረ። ማሽኑ ግን ያው ነው። ነጭ ካርድ ያላቸው አይጦች እንደ አሸዋ ጆንያ ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ሁሉ ግርግር ኬሚስቷን የሚያጽናኑት እትዬ ጸጥታ ነበሩ። «አይዞሽ፤ ፊትሽን አትጣይው። አይጦቹ እንደሆኑ አምሮባቸዋል። በተለይ ባለ ነጭ ካርዶቹማ ፀጉራቸው ሐር መስሏል!» ይሏታል። እሷም ሳታስተውል ታልፈዋለች።

ነገሩ የተገለጠው በምሳ ሰዓት ነው። ኬሚስቷ የረሳችውን ሹራብ ልትወስድ ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ሰምታው የማታውቀውን ድምፅ ሰማች፤ የእትዬ ጸጥታን ሹክሹክታ። እሳቸው በዝግታ ማውራት ይችላሉ ብሎ ማን ይገምታል? በሩን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ኑ እስቲ፣ እናንተ ምንም ያልተሰጣችሁ» ይላሉ እትዬ ጸጥታ፣ ሳጥኖቹ ላይ ጎንበስ ብለው። «ቀስ፣ ቀስ። አትሻሙ። ቀዮቹ እንዳይሰሙ።»

ከሽርጣቸው ኪስ በቁንጥር እያወጡ ነጭ ካርድ ላላቸው ሁሉ በየተራ ያድላሉ።

«እትዬ!»

እትዬ ጸጥታ ክው አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ከልማድ ብዛት፣ «ጸጥታ!» አሉ።

«ምንድን ነው የሚሰጧቸው?»

«ኧረ ምንም። የሩዝ ስብርባሪ ናት። እህቴ የሩዝ መፈልፈያ አላት፤ ወንፊት ላይ የቀረውን ከነገለፈቱ ትሰጠኛለች። ንጹህ ነው፤ እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ።»

ኬሚስቷ ከሳጥኑ ሥር ወዳለው ቱቦ ጎንበስ አለች። ወርቃማ ብናኝ ከወንፊቱ እየወረደ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ጥቂቱም ብልቃጧ ድረስ ደርሷል። ሩዝ ሲሊከንን ከአፈር እየሳበ ገለፈቱን የሚያጠነክርበት ተክል መሆኑን ታውቃለች። በጓንትና በጥርስ ሳሙና ስትባዝንበት የከረመችው ጠላት ይኸው ሽርጥ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

«ለምን ለነጮቹ ብቻ ይሰጣሉ?» አለች።

«እንዴት ለምን? ለነዚያ መድኃኒት ሰጠሽ፣ ለነዚህ ውሃ። መርፌው ግን እኩል ነው! ሲወጉ እኩል ነው የጮኹት። ይሄ ፍርድ ነው እንዴ? አንጀቴ አልችል አለ። ለተወጉበት እንኳ መካሻ ትሁናቸው ብዬ ነው።»

«በሩ ላይ ‹ከተፈቀደው መኖ ሌላ መስጠት ክልክል ነው› ይላል እኮ!»

«ይላል። ይሄ መኖ አይደለም፤ መክሰስ ነው።»

ኬሚስቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ። እርጥቡ ወለል ላይ ዝርፍጥ ብላ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። እትዬ ጸጥታም ምክንያቱን ባያውቁም ሳቅ አያመልጣቸውምና አብረዋት ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ማነጻጸሪያ ማለት ምን እንደሆነ፣ ውሃ የተወጉት አይጦች ለምን ምንም ማግኘት እንደሌለባቸው፣ ገለፈቱ ምን እንዳመጣ አስረዳቻቸው። የእትዬ ጸጥታ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«እና ያ ሁሉ ጣጣ የኔ ነው?»

«የገለፈቱ ነው።»

«ገለፈቱ በእግሩ ሄዶ አልገባ!»

ኬሚስቷ ተነስታ በሩን ዘጋች። ሙከራ ላይ ላለ እንስሳ ከደንብ ውጪ የመገበ ሰው ከሥራ እንደሚሰናበት ሁለቱም ያውቃሉ። እትዬ ጸጥታ ደግሞ ጡረታቸው ተቃርቧል፤ በጥፋት ከተባረሩ እሱም አብሮ ይሄዳል። «ይስሙኝ» አለች ዝግ ብላ። «ይሄን ለማንም እንዳይናገሩ። ለፕሮፌሰሩም ቢሆን። ኮሚቴው ፊት የምለውን እኔ አውቃለሁ።»

እትዬ ጸጥታ እሺም እምቢም አላሉም። የሽርጣቸውን ኪስ ገልብጠው ቆሻሻ መጣያው ላይ ደህና አድርገው አራገፉት፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው ማጠብ ጀመሩ።

ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ወንበሮቹ ሲነኩ በሚጮሁበት አዳራሽ ነበር። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው፤ ፈገግታ የሚቆጥቡ፣ በሕይወታቸው ብዙ የተበላሸ ጉበት ያዩ ሴት። ኬሚስቷ የቅንጣቶቹን ጠባይ አስረዳች፤ በጨው ውሃ እንዴት ሳይጓጉሉ እንደሚቆዩ፣ በስንት ጊዜ እንደሚሟሙ። ቀጥላ ማነጻጸሪያዎቹ በሩዝ ገለፈት መበከላቸውን፣ ከቱቦው አስቀርታ ያስመረመረችው ብናኝም ይህንኑ ማረጋገጡን ተናገረች። ሙከራውን ከሥር ከመሠረቱ እንድትደግም እንዲፈቀድላት ለመነች።

«የሩዝ ገለፈት» አሉ ሰብሳቢዋ። «የሩዝ ገለፈት ምድር ቤት ድረስ በምን መጣ?»

«ከመኖው ጋር ተቀላቅሎ ነው።»

«መኖው ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ማን ቀላቀለው?»

ፕሮፌሰሩ ግራ ገብቷቸው ወደሷ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ለወሬ አይደለም የምጠይቅሽ» አሉ ሰብሳቢዋ። «ምንጩ ያልታወቀ ብክለት ነገም ይመለሳል። ነገ የሚወጋው ደግሞ ሰው ነው። ምንጩን ካላወቅን ሥራውን እዚህ ላይ እናቆመዋለን። ማን ነው?»

አንዲት ቃል ብትናገር አራት ዓመቷ ይተርፋል። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ኬሚስቷ በአሲድ የጠቆሩ ጣቶቿን አየች፤ ዓይኗን ከጣቶቿ ሳታነሳ፣ «መናገር አልችልም» አለች።

ሰብሳቢዋ የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ። ጠቅ ያለው ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሽርጥ፣ የጎማ ቦቲ፣ እስከ ክንድ የተጠቀለለ እጅጌ።

«ጤና ይስጥልኝ። ጫማዬ እርጥብ ስለሆነ አልገባም፣ ከዚሁ ልናገር። ገለፈቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ስብሰባ ላይ ነን» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ለሱ ነው የመጣሁት። ሰው በሌለበት ባወራው ምን ይረባል?»

ከዚያ በዚያ ድምፃቸው ሁሉንም ዘረገፉት። የእህታቸውን መፈልፈያ፣ ቀዩንና ነጩን ካርድ፣ መድኃኒት ሳያገኙ የተወጉትን፣ መክሰሱን። ስለ አይጦቹ ፀጉር ሐር መምሰል ሲደርሱ ጥግ ላይ የተቀመጡት የስታቲስቲክስ መምህር አፋቸውን በመሀረብ አፈኑ። «ይቺ ልጅ ደግሞ» አሉ እትዬ ጸጥታ ኬሚስቷን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ «ነግራኛለች፤ አይናገሩ ብላኛለች። እኔ ግን ሆድ ውስጥ ነገር ማሳደር አልችልበትም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል። ለኔ ብላ ሥራዋን ልትቀብር ነው እንዴ? ምን ቆርጦኝ!»

መሀረቡ አልበቃም፤ መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። ሰብሳቢዋ ብቻ አልሳቁም።

መምህሩ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ጥፋቱ ከካርዱ ነው የጀመረው» አሉ። «ተንከባካቢ ማን ምን እንደተወጋ ማወቅ የለበትም። ካወቀ ያዝናል፣ ካዘነ አንድ ነገር ያደርጋል። ቀለሙን ማን አመጣው?»

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ካርዱ የሳቸው ልማድ ነው።

«ደንቡ ግን ማሰናበት ይላል» አለ አንድ አባል።

«ደንቡ ደብቆ የመገበን ነው የሚለው» አሉ ሰብሳቢዋ። «እኚህ ሴት ተደብቀዋል ብለህ ማንን ታሳምናለህ? ድምፃቸው መንገድ ድረስ ተሰምቷል።» ብዕራቸውን መልሰው ከፈቱ። «ሙከራው ይደገም። ካርዱ ይነሳ፤ ሳጥኖቹ በፊደል ብቻ ይለዩ። የትኛው ፊደል ምን እንደተወጋ የሚገልጸው ቁልፍ እኔ ጋ ይቀመጣል። በተንከባካቢዋ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ።»

«ይሰጥ» አሉ እትዬ ጸጥታ። «ብቻ ፊደሉ ተለቅ ይበል። መነጽሬ ላይ ባለቤቴ ተቀምጦበታል።»

ያኔ ሰብሳቢዋም ሳቁ።

ድጋሚው ሙከራ ወራት ወሰደ። የእትዬ ጸጥታ ጡረታ በዚያ መሀል ደረሰ፤ እሳቸው ግን አስተዳደር ሄደው «ቁጥሩ ሳይመጣ ንቅንቅ አልልም» ብለው በጩኸት አስራዘሙት። አዲሶቹ አይጦች በ‹ሀ› በ‹ለ› ብቻ ተለዩ። «ግፍ ነው!» ይሉ ነበር ሳጥኖቹ መሀል እየተመላለሱ። «ለማን እንደማዝን እንኳ አላውቅም። አሁን ለሁሉም ማዘን ሊኖርብኝ ነው፤ ድካሙ እጥፍ ሆነ።» ከእህታቸው ቤት በመጡ ቁጥር ምድር ቤት ከመግባታቸው በፊት ኬሚስቷ በር ላይ ቆማ ኪሳቸውን ታስገለብጣለች። «ቤትም ፍተሻ፣ ሥራም ፍተሻ፤ ለኔ ኑሮ እንዲህ ሆነ» ይላሉ፣ እጃቸውን እንደ ሌባ ወደ ላይ አንስተው።

ሁለተኛው ውጤት የመጣ ቀን የማሽኑ ባለሙያ ጭራሽ አልቀለደም። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ አቀበላት፤ ኬሚስቷን ያስደነገጣት ይሄ ዝምታው ነው። ሰብሳቢዋ ቁልፉን ይዘው ከፎቅ ወርደዋል። ፊደል ከፊደል ተነጻጸረ። ውሃ የተወጉት ሽንት ውስጥ ያለው ሲሊከን ኢምንት ነው። ቅንጣት የተወጉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንታቸው ተሞልቶ፣ ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ከውሃዎቹ እኩል ሆኗል። ጉበታቸውና ጣፊያቸው መጀመሪያ ላይ ይዞት የነበረውን ለቋል፤ ሥጋው ንጹህ ነው። ገብተዋል፣ ሟሙተዋል፣ ወጥተዋል።

ሰብሳቢዋ የኬሚስቷን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «በጥቂት ሰው እንጀምራለን፤ በትንሽ መጠን፣ በጥንቃቄ» አሉ። ኬሚስቷ የሰማችው «እንጀምራለን» የሚለውን ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ የማሽኑን ባለሙያ አቅፈው ኮሪደሩ ላይ ዞሩ፤ ያኮረፈችው ጸሐፊ ሳትቀር ወጥታ አጨበጨበች። ጩኸቱ ሕንፃውን አናወጠው። እትዬ ጸጥታ ከምድር ቤት ደረጃውን እያለከለኩ ወጡና፣ ሁሉም ሊቆጡ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ከሁሉም በላይ ጮኹ።

«ሸኑልሽ አይደል? ሸኑልሽ! እኔ ልጆቼን አውቃቸዋለሁ!»

ኬሚስቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ፀጉራቸው ሳሙናና የአይጥ ቤት ሰጋቱራ ይሸታል። እቅፋቸው ውስጥ ሆና፣ ለወራት ሆዷ ውስጥ ስታመላልሰው የከረመችው ነገር መጣባት። ያን የስብሰባ ቀን በሩ የተከፈተው እሷ «መናገር አልችልም» ካለች በኋላ፣ ወዲያው ነው። እትዬ ጸጥታ ከበሩ ጀርባ ለምን ያህል ጊዜ ቆመው ነበር? ከቤታቸው ሲወጡ ሊናገሩ ቆርጠው የመጡ ናቸው? ወይስ ልጅቷ ስማቸውን ትጥራ አትጥራ ጆሯቸውን በሩ ላይ ጥለው ሲያዳምጡ ነበር? ጠርታቸው ቢሆንስ፣ ይገቡ ነበር? መልሱ ምንም እንደማይለውጥ ታውቃለች። ግን ማወቅ ፈለገች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ያን ቀን አዳራሹ ጋ...»

ከውጭ የሚኒባስ ጥሩምባ አምባረቀ። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ውይ፣ ሰውዬው! ዕቃ ጭኖ ነው የቆመው፤ ጡረታዬም ከዛሬ ጀምሮ ነው፤ ጠቅልለን እህቴ ሰፈር መግባታችን ነው እኮ። አይጥ ያለበት ግቢ በር ላይ አላቁመው፣ ጥሎኝ ይሄዳል!» ሽርጣቸውን በጭንቅላታቸው በኩል አውልቀው ለጸሐፊዋ ወረወሩላት፤ የኬሚስቷን ሁለት ጉንጭ በእርጥብ እጃቸው ይዘው ግንባሯን ሳሙት። «በይ ደህና ሁኚልኝ፣ የኔ እሳት!»

ደረጃውን በጎን በጎን እየወረዱ ሄዱ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ኬሚስቷ ተከተለቻቸው። በሩ ጋ ስትደርስ ሚኒባሱ ተነስቷል። ጣሪያው ላይ ፍራሽና የተገለበጠ ጠረጴዛ ታስሯል፤ በመስኮቱ አንድ እጅ ወጥቶ ይውለበለባል፤ ድምፃቸው ባለቤታቸውን ሲቆጣ ይሰማል። «እትዬ!» ብላ ጮኸች። መኪናው ታጠፈ።